ቀፎን ድንበር ያደረግሁበት ካርታ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት፣ መቱ፣ ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ክልሉ ከተዋቀረ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ወረዳ ከወረዳ፣ ቀበሌ ከቀበሌ እንደ አዲስ ይለያል፤ ቀያሽ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የቡድን መሪያችን ጋሼ ተፈራ አንድ ባለ ሃምሳ ሜትር መለኪያ፣ አንድ ኮምፓስ፣ ቀይና ነጭ የተቀቡ ሦስት ዘንጎችና አንድ የመስክ ደብተር አስፈርመው ሰጡኝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እግሬ ወረደ። ታኮ ጫማ አድርጌ ነበር።

በዚህ ጫማ ሁሩሙ ድረስ እንደምደርስ፣ ከሁሩሙ ወዲያ ግን ጫማውም እኔም ጭቃ ውስጥ እንደምንቀር ነገሩኝ። አልተከራከርኩም። በምሳ ሰዓት ገበያ ወርጄ የላስቲክ ቦቲ ገዛሁ፤ ከሰዓት በኋላ በቦቲዬ ተመልሼ ስገባ መጋዘኑ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጀማሪ ቀያሽ ዘነበች ተብዬ ስሜ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ሥራውን ወደድኩት። አንዱ ሠራተኛ ዘንግ ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ ቆሜ በኮምፓስ አቅጣጫውን አነባለሁ፣ ሜትሩ ይዘረጋል፣ ቁጥሩ ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ ችካል ይተከላል። ከዚያ እንደገና። ጠዋት መግቢያ መውጫውን የማላውቀውን ጫካ ማታ በወረቀት ላይ ይዤው እወጣለሁ። የመጀመሪያውን ካርታዬን ለእናቴ ሳሳያት፣ የአባትሽ አገር የት ጋ ነው አለችኝ። የአባቴ አገር ሰሜን ነው፤ እሱ ለመንግሥት ሥራ መጥቶ መቱ ቀረ፣ እኔ ግን ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል መቱ ገበያ ውስጥ የተማርኩ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ካርታው ላይ የለም አልኳት፤ ቅር አላት።

በሁለተኛው ዓመት ጋሼ ተፈራ ብቻዬን ላኩኝ። ከሁሩሙ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬዱ ሁለት ቀበሌዎች ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን ልተወውና ረግረጉ ጋ ያለውን ጨፌ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ቱሉ ልበላቸው። በመካከላቸው የቡና ደን አለ። ድንበሩ በደኑ ውስጥ ያልፋል፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ የጻፈ ግን የለም። የእኔ ሥራ እሱን መጻፍ ነበር።

የሄድኩት በቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው። ሽማግሌ የሚባል ሁሉ ቡናው ላይ ነው። ቀበሌው አንድ መንገድ መሪ ሰጠኝ። ሰውየው ዛፎቹን እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸዋል። በትልልቆቹ ዛፎች ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፤ በእያንዳንዱ ዛፍ ሥር ባለፍን ቁጥር ይህ የእገሌ ቀፎ ነው፣ ያ የእገሌ ነው ይለኛል። ባለቀፎዎቹ አብዛኞቹ የቱሉ ሰዎች ነበሩ።

እኔም አሰብኩ። ሰው ቀፎውን የሚሰቅለው በገዛ መሬቱ ላይ ነው አልኩ። የከተማ ልጅ ነኝ፤ በከተማ ሰው የራሱን ዕቃ የሚያስቀምጠው በራሱ ግቢ ነው። ስለዚህ የቱሉ ሰው ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ሁሉ በቱሉ በኩል እያስገባሁ መስመሬን አሰመርኩ። በራሴ እንዴት እንደኮራሁ። ቢሮ ስመለስ ጋሼ ተፈራ ድንበሩን በምን እንደለየሁት ጠየቁኝ፤ በቀፎዎቹ አልኳቸው። ሳቅ አሉና «ብልህ ነሽ» አሉኝ። የሁለቱ ቀበሌ ሊቀ መናብርት መስመሩን ደኑ ውስጥ ገብተው ሳያዩት ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ። ያቺን «ብልህ ነሽ» ለዓመታት እንደ ሜዳልያ ይዣት ዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ያልረገጥኩት የኢሉባቦር ጭቃ የለም። ኖፓ ለትምህርት ቤት ቦታ ለካሁ፤ ኡካ አንድ ሳምንት በዝናብ ታግጄ ከሻይ ቤቷ ባለቤት ጋር ልጇን ክርስትና እስከማንሳት የደረሰ ወዳጅነት ገጠምኩ። ሜትሩ ቀረ፣ ጂፒኤስ መጣ። ጋሼ ተፈራ ጡረታ ወጡ። እኔም ጀማሪ ቀያሽ መባሌ ቀርቶ ከፍተኛ ባለሙያ ተባልኩ፤ አዲስ የሚቀጠሩት እትዬ ዘነቡ ይሉኝ ጀመር።

በዚህ መሀል የጫካው ቡና ስም አወጣ። የቱሉ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው መቱ ካለው የቡና ዩኒየን አባል ሆኑ። ቡናቸው በማኅበራቸው ስም በከረጢት ተሞልቶ ውጭ አገር ይሄዳል። ጨፌዎች ዘግይተው ማኅበር አቋቋሙ፤ ዩኒየኑ ውስጥ ግን መግባት አልቻሉም። የለቀሙትን እሸት ለቱሉ ማኅበር ያስረክባሉ፣ እዚያ ከቱሉ ቡና ጋር ይቀላቀላል፣ የቱሉ ተብሎ ይጫናል። ሁለት ጊዜ አመለከቱ፤ ሁለቴም ማመልከቻቸው ተመለሰ።

ምክንያቱ አንድ ነው። ዩኒየኑ አዲስ አባል የሚቀበለው አጎራባች የሆኑ ነባር አባላት ካርታው ላይ ሲፈርሙ ብቻ ነው። ገዢው ቡናው ከየትኛው ደን እንደተለቀመ ማወቅ ስለሚፈልግ አንድ ደን በሁለት ማኅበር ስም ሊመዘገብ አይችልም። ጨፌዎች የእኛ ነው የሚሉት የደኑ ዋና ክፍል ደግሞ በካርታው የቱሉ ነው። ቱሉ አባል ነው፣ ቱሉ አይፈርምም፤ ጨፌ በር ላይ ይቆማል።

ሦስተኛው ማመልከቻ ሲገባ ዩኒየኑ ከእኛ ቢሮ ባለሙያ ጠየቀና እኔ ተመደብኩ። የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ጉዳዩን ሲያስረዳኝ፣ በዜና የምንሰማው የአገሮች ነገር ነው አለኝ፤ አንዱ አገር ቀድሞ ማኅበር ውስጥ ይገባል፣ ጎረቤቱ ልግባ ሲል መጀመሪያ የድንበሩን ነገር ጨርስ ብሎ እጁን አያወጣም። ልዩነቱ እነዚያ በአውሮፕላን እየተመላለሱ ሲደራደሩ እነዚህ በየሳምንቱ አንድ ገበያ ላይ መገናኘታቸው ነው። ከዚያ የድሮውን ካርታ ዘረጋልኝ። በጥግ በኩል የገዛ እጅ ጽሑፌን አየሁ። የልጅነት ፎቶዬን ያየሁ ያህል ደስ አለኝ።

ሁሩሙ ላይ ሁለቱን ማኅበራት ሰበሰብን። የቱሉ ሊቀ መንበር ኦቦ ገመዳ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ቃል ሲናገሩ ከኪሳቸው የሚወጣ ይመስላቸዋል። የጨፌዋ አዴ ዳሚቱ ተቃራኒያቸው ናቸው፤ እንደ ተቀመጡ መናገር አይሆንላቸውም። ተነሥተው፣ አባሎቻቸው መሰልቸታቸውን፣ አንዳንዶቹም ስማቸውን አሰርዘው መውጣታቸውን ነገሩን። የዘንድሮው የዩኒየኑ ጉባኤ ካልተቀበላቸው ማኅበሩ ይፈርሳል።

እኔም በተራዬ ተነሣሁ። ይህን ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እያንዳንዱን ችካል በእጄ ነው ያስተከልኩት፣ መስመሩ ልክ ነው አልኩ። ድምፄ ውስጥ የነበረው ኩራት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ኦቦ ገመዳ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። አዴ ዳሚቱ እኔን ብቻ እያዩ ተናገሩ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ካርታው ልክ ከሆነ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያረምኩት የማንን ቡና ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ጂፒኤሱን፣ የካርታውን ቅጂና ቦቲዬን ይዤ ከሳቸው ጋር ደኑ ውስጥ ገባሁ።

መሬቱ ንጹሕ ነው። ቡናው ሥር ታርሟል፣ የደረቀው ቅርንጫፍ ተቆርጧል፣ ችግኙ በየመስመሩ ተተክሏል። ይህን የሚያደርጉት እነማን እንደሆኑ ስጠይቅ አዴ ዳሚቱ ከጨፌ ቤቶች በስም ይጠሩልኛል። ጂፒኤሱ ደግሞ ቱሉ ውስጥ ነሽ ይለኛል። እየተናደድኩ መጣሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅሁም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአንድ ትልቅ ቀረሮ ዛፍ ላይ ጭስ አየን። ከላይ ገመድ ላይ አንድ ሽማግሌ ተንጠልጥለው ማር ይቆርጣሉ። ኦቦ ነገራ ናቸው፣ የቱሉ ሰው። ማሩን በቅል አድርገው በገመድ አወረዱት፣ ራሳቸውም ወረዱ። ሰላምታ ከሰጡን በኋላ ከሁሉ በፊት ያደረጉት ነገር ቢኖር የመጀመሪያውን የማር እንጀራ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ለአዴ ዳሚቱ መስጠት ነው። አዴ ዳሚቱም እንደ ማንኛውም የተለመደ ነገር «ገለቶማ» ብለው አመስግነው ተቀበሉ።

ለምን ሰጧቸው ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ግር ብሏቸው አዩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀፎው የኔ ነው፤ ከቀፎው በታች ያለው የሷ ነው። ጭሴ ቡናዋ ላይ ይወርዳል፣ እግሬ ችግኟን ይረግጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው የሷ ነው። አባቴም ለአባቷ ሲሰጥ ነው ያየሁት።»

ካርታው በእጄ ነበር። በአንድ ጊዜ ሁሉም ታየኝ። ላይኛው የአንዱ፣ ታችኛው የሌላው ነው፤ አንዱ ደን ሁለት ባለቤት አለው፣ አንዱም ሌላውን አልነካም። ቀፎ የባለቤቱን ዛፍ ያሳያል እንጂ መሬቱን አያሳይም። እኔ ግን ላይ ላዩን አይቼ ታችኛውን ለባለቀፎዎቹ ሰጠሁ። ከዚያ በፊት ቱሉዎች መሬቱ የእኛ ነው ብለው አያውቁም ነበር። የእናንተ ነው ብሎ የነገራቸው የእኔ ካርታ ነው።

አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ግን ምን ልዋሽ፣ ደስም አለኝ። ስህተቱ ከተገኘ ይስተካከላላ። ኦቦ ነገራን እጃቸውን ይዤ፣ ነገና ከነገ ወዲያ ከእኛ ጋር ይዞሩ እንደሆነ ለመንኳቸው። ማር ሰጡኝና እሺ አሉ። የድሮዎቹን ነጥቦች አንድ በአንድ አብረን ዞርናቸው። በሄድንበት ሁሉ ነገሩ ያው ነው፤ ላይ የቱሉ ቀፎ፣ ታች የጨፌ ቡና።

መቱ ተመልሼ ለኃላፊዬ ነገርኩት። ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ ደግ ልጅ ነው። ያሳሰበው ስለ እኔ ነበር፤ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። «እትዬ ዘነቡ፣ የመሣሪያ ስህተት ብለን እንጻፈው። የድሮ ኮምፓስ ነው፣ ማን ይጠይቃል? ስምዎ ለምን ይነሣል?» አለኝ። የዚያ ዓመት ካርታዎቼ በሙሉ ጥርጣሬ ውስጥ እንደሚገቡም ነገረኝ።

ሌሊቱን አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ደክሞኝ ነበርና ተኛሁ። ጠዋት ግን ቱሉዎችን አሰብኳቸው። የድሮው መሣሪያ ተሳስቶ ነው ብላቸው አዲሱም ይሳሳታል ይሉኛል፤ እውነትም አላቸው። ለምን እንደተሳሳትኩ ካልነገርኳቸው በቀር አያምኑኝም። ቢሮ ገብቼ ደብዳቤውን በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ ኮምፓሱ ትክክል ነበር፤ ቀፎን የመሬት ማስረጃ አድርጌ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ያንኑ ቱሉ ድረስ ሄጄ በማኅበሩ ግቢ፣ ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ አጠገብ ለተሰበሰቡት አባላት በቃሌ ነገርኳቸው። ኦቦ ገመዳ ተነሡ። ያ ቁጥብ ሰው ያን ቀን ቃል አልቆጠቡም።

«መሬቱ የእናንተ ነው ያለን የቢሯችሁ ማኅተም ነው። አሁን የእናንተ አይደለም የሚለንም ያው ማኅተም ነው። ነገ ዛፉም የእናንተ አይደለም ቢለን ምን እናደርጋለን?»

ዙሪያቸው የተቀመጡት ሁሉ አጉረመረሙ። ቁጣው የት ላይ እንዳለ የሰማሁት ያኔ ነው። ቡናውን ነው ወይስ ዛፎቹን ነው የምትፈሩት ብዬ ጠየቅኳቸው። ኦቦ ገመዳ እንደ ሞኝ አዩኝ።

«ቡናውንማ መቼ ለቅመነው እናውቃለን? ካርታው ላይ የጨፌ ከሆነ ግን ዛፌን ቢቆርጡት ማን ይጠይቅልኛል?»

ይኸው ነው። ለዓመታት አንድ ቀበሌ በር ላይ ያቆመው ይኸው ነው። ሰዎቹ የሰው መሬት አልፈለጉም፤ የፈሩት ካርታው ሲቀየር ዛፋቸውም አብሮ እንዳይሄድባቸው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቃቸው ማንም የለም፣ እኔን ጨምሮ። እዚያው ቆሜ፣ ሁለት ወረቀት እሠራለሁ አልኳቸው። አንዱ መሬቱን ይይዛል፣ ሌላው ዛፎቹን፣ ከነባለቤቶቻቸው። ሁለቱም ማኅበራት በሁለቱም ላይ ይፈርማሉ። እንዲህ ያለ ካርታ ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም፣ ሲሠራም አላየሁም፤ አፌ ግን ቀድሞኝ ወጣ።

ጉባኤው ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። እነዚያን ቀናት በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ አስበልጬ እወዳቸዋለሁ። ጠዋት ከሁለቱም ቀበሌ ሰው ይጎርፋል። አንዱ ዛፍ ላይ ስደርስ ባለቤቱ ስሙን ይናገራል፣ የጨፌው ባለቡና አጠገቡ ቆሞ ልክ ነው ይላል፣ እኔ ነጥቡን እይዛለሁ። ቁጥሩን በቆርቆሮ ጽፈን በምስማር እንምታው ስል ኦቦ ነገራ ንብ መዶሻ አትወድም ብለው ከለከሉን፤ በቀለም ጻፍነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሁለት ወንድማማቾች ባንድ ዛፍ ተጣሉ፤ ሁለቱም የቱሉ ልጆች ናቸውና ጨፌዎች ዳር ይዘው ሳቁባቸው። ደብተሬ ማር በማር ሆነ። የጂፒኤሱ ባትሪ ሲያልቅብኝ አዴ ዳሚቱ ከራዲዮናቸው አውጥተው አመጡልኝ።

ጉባኤው መቱ በዩኒየኑ አዳራሽ ተደረገ። የጨፌ ጉዳይ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ካርታው ተስተካክሏል፣ የሚቃወም አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ኦቦ ገመዳ እጃቸውን ሳያወጡ ተነሡ። ሁለተኛው ወረቀት በጉባኤው ፊት ይነበብልን፣ በቃለ ጉባኤም ይያዝልን አሉ። ጸሐፊው ረዥም ነው አላቸው። «ይነበብ» አሉና ቆመው ጠበቁ።

ተነበበ። የዛፍ ቁጥር፣ የባለቤት ስም፣ የዛፉ ዓይነት፤ ቀረሮ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ እንደገና ቀረሮ። ከኡካ በኩል የመጡት ተወካዮች ምሳ ሊያልፍብን ነው እያሉ አጉረመረሙ። እኔ ግን እያንዳንዱን ስም በከንፈሬ እከተል ነበር፤ የስም ዝርዝር ሲነበብ እንዲህ ተመስጬ አላውቅም። የመጨረሻው ዛፍ ተነበበ። የሚደግፍ ሲባል ኦቦ ገመዳ ቀኝ እጃቸውን እስከ መጨረሻው አወጡ። ከሳቸው በኋላ አዳራሹ በሙሉ አወጣ።

ሰው ሲያጨበጭብ አዴ ዳሚቱ አላጨበጨቡም። ቀጥ ብለው ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ሄዱ፣ የአባላት መዝገቡ ላይ ጎንበስ አሉ፣ የማኅበራቸው ስም ፊደል በፊደል ተጽፎ እስኪያልቅ አልተነሡም። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው አቀፉኝ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኛል። የዚያን ዓመት ካርታዎቼን በሙሉ እንድመረምርም ታዘዝኩ። የቀሩኝን ሁለት ዓመታት በዚያው ጨረስኩ፤ ኖፓ በኩል አንድ ሌላ ተመሳሳይ ስህተት አግኝቼ ከባለቤቶቹ ጋር ዞሬ አቃናሁት።

አሁን በሥራው ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ብቻ ነው። መስመር ከማስመራችሁ በፊት ሰዎቹ ያንን መሬት በምን በምን እንደሚካፈሉት ጠይቁ። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ጥያቄ ነው። እኔ ሳልጠይቅ በመቅረቴ ጨፌዎች ቡናቸውን ለዓመታት በሰው ስም ሸጡ።